ልጆቹን ሳይሆን አንድ አዋቂ አሰልፉ

በበዓል ሰሞን ጅማ ውስጥ ድክ ድክ የሚል ሕፃንና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይዛችሁ መጫወቻ ቦታ የምትሄዱ፣ ልጆቹን ሰልፍ ላይ አታቁሟቸው። አንድ ሰው ትኬት ቆርጦ ይሰለፍ፤ ሌላው ልጆቹን ይዞ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቆይ። ከፊት ሁለት ልጅ ሲቀር ሚስኮል ይደረግ። ትኬት ተቀባዩን ግን ቀድማችሁ አስረዱት፤ አለዚያ ከኋላ ያሉት «ወረፋ አትጋፉ» ብለው ይቆጣሉ፣ ጩኸቱም ልጁን ይረብሸዋል።

ከቤት ሳትወጡ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከደብተር ሽፋን አራት ካርድ ቁረጡ። ሸርተቴ፣ በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ ምሳ ዕቃ፣ በመጨረሻም ቤት ሳሉባቸውና በክር አያይዟቸው። አንዱ ባለቀ ቁጥር ልጁ ራሱ ይገልብጠው። «ትንሽ ቆይ» ሲባል ትንሹ የት ድረስ እንደሆነ አይታየውም፤ ካርዱ ግን የቀረውን በዓይኑ ያሳየዋል። መሄጃ ሲደርስም ለቅሶው ሊቀንስ ይችላል፣ ቤት መጨረሻ ላይ እንዳለ ከጠዋቱ አይቶታልና።

አምስተኛ፣ ባዶ ካርድም ያዙ። መብራት ከጠፋ የአየር መንፊያው ይቆምና መዝለያው ይተነፍሳል፤ የጅማ ዝናብም ቀጠሮ አያውቅም። ያኔ በቀረው ጨዋታ ቦታ ባዶው ይገባል። ትርጉሙን ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ በሚወደው ነገር አለማምዱት፤ ለምሳሌ ዳቦ ሲጠብቅ ሙዝ በመስጠት።

ሮጦ የሚያመልጥ ልጅ ከሆነ ሕፃኑን የሚይዝ ሦስተኛ ሰው ሳይኖር ይህን አትሞክሩ። የሚጥል በሽታ ካለበት ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያለው መጫወቻ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።