የሳይክል ማርሽ አልገባ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ስትነዱ፣ ሜዳ ላይ ያልታወቀ የማርሽ ችግር ዳገቱ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ያኔ ካቻቪቴ ያነሳል። ተዉት። ካቴናውን ከጥርስ ጥርስ የሚያሻግረው ማርሽ ቀያሪ ላይ ያሉት ቪቲዎች በራሳቸው ብዙም አይዞሩም። ትናንት ደህና የነበረ ማርሽ ዛሬ ካስቸገረ መጀመሪያ የማርሹን ገመድ ጠርጥሩ።

ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ አልወጣም ይላል
ገመዱ ላልቷል። አዲስ ከሆነማ የሚጠበቅ ነው፤ ሽፋኑ ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ይላላል። ገመዱ ወደ ኋላው ማርሽ ቀያሪ በሚገባበት ቦታ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ አለ። ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር አዙሩት። ፔዳሉን በእጅ እያሽከረከራችሁ ሞክሩ፤ ካልበቃ ድገሙ።

ወደ ትንሹ ሲወርድ ይዘገያል
ገመዱን ከልክ በላይ ወጥራችሁት ካልሆነ ቆሻሻ ነው። ከአስፋልት ወጥታችሁ በመንዝ ጥርጊያ መንገድ ከነዳችሁ አቧራው ሽፋኑ ውስጥ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይዝጋል። የማርሽ ቀያሪው ሞላ የተያዘ ገመድ መሳብ ያቅተዋል። ዘይት ጠብ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፤ ደህናው ግን ገመዱንና ሽፋኑን አብሮ መቀየር ነው። እጀታው ውስጥ ያለውን ጫፍም እዩ። ክሮቹ መበጣጠስ ከጀመሩ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት፤ እዚያ ውስጥ ተበጥሶ የቀረ ቁራጭ ማውጣት ራስ ምታት ነው።

ባንዱ ጫፍ ስታስተካክሉት በሌላው ይበላሻል
ይሄኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ወድቋል? ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ነበር? ከኋላ ቁሙና ካቴናው የሚያልፍባቸውን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተመልከቱ። ከላይኛው ጥርስ ጋር ቀጥ ብለው ካልተሰለፉ ማርሽ ቀያሪውን ከቴላዮው (ከሳይክሉ አካል) ጋር የሚያያዘው ብረት ተጣሟል። የገመዱን ማስተካከያ ስታዞሩ ብትውሉ አይድንም። መሣሪያው ያለው ሰው ያቃናዋል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ስትገዙ አሮጌውን ለናሙና ያዙ፤ ቅርጹ ከቴላዮ ቴላዮ ይለያያል።

አጥብቃችሁ ስትረግጡ ይዘላል
ካቴናው ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ማስመሪያ ይበቃል፦ ከአንድ ፒን መሃል እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሃል በአዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ ካቴናው ይቀየር። 308 ገደማ ከሆነ የኋላው ጥርስም አብሮት ሳይበላ አይቀርም።

ካቴናው ከጥርሱ አልፎ ይወድቃል
አሁን ካቻቪቴው ይነሳ። ወደ ጎማው ከገባ ማርሽ ቀያሪው ላይ ኤል (L) የሚለውን፣ ወደ ውጭ ከወደቀ ኤች (H) የሚለውን ቪቲ በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቁ። ከዚያ በፊት ግን ያ ማያያዣ ብረት አለመጣመሙን እዩ።