ማጓጓዣው ይታያል፣ ድምሩ ላይ ግን የለም

ፒያሳ ያለ አንድ ቢሮ ሂሳብ ክፍል የጠራኝ ወር መዝጊያ ላይ ነው። ኤስኤፒ በሚባለው የድርጅት ሽያጭና ሂሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የደንበኛ ትዕዛዝ ላይ 10,000 ብር ዕቃ አለ። ከቃሊቲ መጋዘን ማጓጓዣ ተብሎ 500 ብርም አለ። ከ15 በመቶ ቫት ጋር 12,075 መምጣት ነበረበት። የመጣው 11,500 ነው። ሂሳብ ሹሟ በካልኩሌተር ስትደምር አምሽታለች፤ አንጀቴን በላችኝ።

ምክንያቱ አንዲት ራይት ናት። ቪ/08 በሚባለው የኤስኤፒ ገጽ የዋጋ አሰራሩን፣ ማለትም ዋጋው በቅደም ተከተል የሚሰላባቸውን መስመሮች፣ ስትከፍቱ «ስታቲስቲካል» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ራይት ያለበት መስመር ይሰላል፣ ይታያል፣ የተጣራው ዋጋ ላይ ግን አይደመርም።

መፍትሄው ራይቷን ማንሳት ነው፤ መጀመሪያ በሙከራው ሲስተም ላይ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ማጓጓዣው ከቫቱ መስመር በላይ መሆኑን እዩ፤ አለበለዚያ ቫቱ አይነካውም። የሂሳብ ቁልፉንም፣ ማለትም ገንዘቡ ወደ የትኛው ሂሳብ እንደሚሄድ የሚወስነውን ኮድ፣ ሙሉ። ስታቲስቲካል ሳለ ገንዘቡ ወደ ገቢ ሂሳብ ስለማይሄድ ቁልፉን ባዶ ትተውት ይሆናል። አሁን ባዶ ከሆነ ኢንቮይሱ ወደ ሂሳብ አያልፍም።

ከዚያ «አስተካክለን ነበር እኮ፣ ያው ነው» ይሉኛል። የድሮው ትዕዛዝ በራሱ አይለወጥም። ትዕዛዝ በሚስተካከልበት ገጽ በቪኤ02 ገብታችሁ ዋጋውን እንደገና አስሉት፤ እንዴት እንደሚሰላ በፊደል የተሰየሙ አማራጮች አሉት። እዚህ ጋ እባካችሁ ተጠንቀቁ፦ «ቢ»ን ከመረጣችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ ያወጣል፣ ሻጩ በእጁ ያስገባው ቅናሽ ይጠፋል። በእጅ የገባውን ጠብቆ ሌላውን የሚያድሰው «ሲ» ነው። ለደንበኛ ቃል የተገባ ቅናሽ ካለ «ሲ»ን ምረጡ።

ሌላው ችግር ተቃራኒው ነው፦ ዋጋው በድንገት ሊያብጥ ይችላል። አንዱ በመጀመሪያው ጥገና ተደስቶ የ«ቪፒአርኤስ»ንም ራይት ያነሳል። ቪፒአርኤስ የዕቃው ወጪ ነው፤ ትርፍን ለማየት ብቻ የተቀመጠ። ራይቱ ከተነሳ 7,000 ብር ወጪ ደንበኛው ላይ ይደመራል። ራይቱን መልሱት።

ትርፉ 100 በመቶ ሆኖ ከታየ ግን ራይቷን አትንኩ። የቪፒአርኤስ መስመር ባዶ ነው ማለት ነው። የዕቃው መዝገብ ውስጥ የሂሳብ ገጹን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ የወጪ ዋጋው አልገባም። ገብቶ ከሆነ የመስመር ዓይነቶች በሚስተካከሉበት ገጽ በቪኦቪ7 የትዕዛዙ መስመር ዓይነት ላይ ወጪ እንዲያወጣ የሚያዘው ምልክት መኖሩን እዩ።