የወደብ ፓኖራማ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተከታታይ ፎቶዎችን አንስቶ በኮምፒውተር ወደ አንድ ሰፊ ፎቶ (ፓኖራማ) መስፋት ወደብን ከዳር እስከ ዳር ለማሳየት የተለመደ ዘዴ ነው። ስፌቱ ሲበላሽ ግን ጀማሪዎች ወዲያው ሶፍትዌሩን ይወቅሳሉ፤ አስተካክልልን ተብዬ የምቀበላቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ስመለከት አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ጥፋቱ የተፈጸመው ገና ባሕሩ ዳር ቆመው ሳለ መሆኑን ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ካሜራውን በተሳሳተ ነጥብ ላይ ማዞር ነው። በእጁ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ወደ ፊት ዘርግቶ ይይዝና ወገቡን ያዞራል፤ በዚህ ጊዜ ሌንሱ መዞር ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ይለውጣል። ሌንሱ ቦታ በለወጠ ቁጥር ደግሞ ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ አንጻር ይንሸራተታል፤ ፓራላክስ የሚባለው ይህ ነው። ሩቅ ያለ ተራራ ብቻ ሲያነሱ ችግሩ አይታወቅም። ወደብ ላይ ግን ከፊት የጀልባ ምሰሶ፣ ገመድና የብረት አጥር፣ ከኋላ ደግሞ ክሬንና የኮንቴይነር ክምር ስላለ መሸሸጊያ የለውም። የአንዲት ጀልባ የሸራ ምሰሶ በአንዱ ፎቶ ላይ የክሬኑን ግራ እግር ሸፍኖ፣ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ቀኝ እግሩን ከሸፈነ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሊያስማማ የሚችልበት መንገድ የለም። ወይ ምሰሶውን ከወገቡ ይሰብረዋል፣ ወይ ክሬኑን አንድ እግር ያሳጣዋል፣ ወይ ጫፉ ከምንም ጋር ያልታሰረ ገመድ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን ሁሉ እያዩ የተሻለ ሶፍትዌር የሚያፈላልጉ ሰዎች ትዕግሥቴን ይፈታተኑታል፤ የሚያስፈልጋቸው የካሜራውን ቦታ ማስተካከል ብቻ ነውና።

ካሜራው መዞር ያለበት ሌንሱን ከፊት ሲመለከቱት የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ያለ በሚመስልበት ቦታ ላይ ነው። ቦታውን ለማግኘት ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚያንሸራትት ሐዲድ ላይ ይሰኩና አንድ ቅርብ ምሰሶን ከሩቅ ምሰሶ ጋር ያስተካክሉ፤ ከዚያም ካሜራውን ወደ ቀኝ ያዙሩ። ቅርቡ ምሰሶ ከሩቁ ወደ ግራ ከሸሸ ካሜራው ወደ ፊት በዝቷልና ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ወደ ቀኝ ከሸሸ በተቃራኒው ያድርጉ። ሁለቱ ምሰሶዎች ሳይላቀቁ ሲዞሩ በሐዲዱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ሐዲድ የሌለው ሰው ቢያንስ ካሜራውን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ፣ ሌንሱን ባለበት አቁሞ እግሩን በዙሪያው ያንቀሳቅስ፤ ቅርብ ያለውንም ነገር ከፎቶው ያስወጣ።

ሁለተኛው ስህተት ውኃን እንደ መሬት መቁጠር ነው። ሶፍትዌሩ ሁለት ፎቶዎችን የሚያገናኘው በሁለቱም ላይ የሚገኙ የጋራ ነጥቦችን ፈልጎ ሲሆን ሞገድና ደመና ግን በሁለት ፎቶዎች መካከል ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ስለዚህ በውኃና በደመና ላይ ያረፉትን ነጥቦች ሰርዘው በሕንጻ፣ በክሬንና በግንብ ላይ ያሉትን ብቻ ያስቀሩ። መልሕቅ የጣለ መርከብም ቆሞ አይቆምም፤ ነፋሱና የውኃው ፍሰት ሲለወጡ በመልሕቁ ዙሪያ ይዞራል፤ ከነጥብ መያዣነት ውጪ ሊያደርጉት ይገባል። የሚንቀሳቀስ ጀልባ ሲኖር ከተቻለ ሙሉ በሙሉ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይግባ፤ ካሜራውንም ጀልባው በሚሄድበት አቅጣጫ አያዙሩ፤ አብሮ የሚጓዘው ጀልባ በየፎቶው ደጋግሞ ይገባልና። በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ መድረክ ላይ ደግሞ ባለሦስት እግር ማቆሚያ መትከል ከንቱ ድካም ነው፤ ማቆሚያው ከመድረኩ ጋር አብሮ ይወዛወዛል።

የብርሃን መጠን፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) እና ፎከስ በአውቶማቲክ መተው የለባቸውም፤ ከውኃው ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ አንዱን ፎቶ ሲያጨልመው ጎረቤቱ ይፈዛል። ነጸብራቅን የሚቀንሰው የፖላራይዘር ማጣሪያም ይውለቅ፤ ውጤቱ ከፀሐይ ዘጠና ዲግሪ ርቆ ባለው ሰማይ ላይ ስለሚበረታ ሰፊ ፓኖራማ ላይ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ይተዋል። ፎቶዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህል ይደራረቡ።

አድማሱን ስለማስተካከል ብዙዎች የሚሳሳቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶች ካሜራው የሚታሰርበትን የማቆሚያ ጭንቅላት ብቻ አስተካክለው የማቆሚያውን መሠረት ዘንበል እንዳለ ይተዉታል፤ ካሜራው ሲዞር አድማሱ ይጎብጣል። ሌሎች ደግሞ የማዶውን የውኃ ዳር እንደ አድማስ ይጠቀሙበታል። የውኃው ዳር ግን በአንድ በኩል ቅርብ፣ በሌላ በኩል ሩቅ ከሆነ በፎቶው ላይ ዘንበል ማለቱ ተገቢ ነው፤ እርሱን በግድ ቢያቀኑት ሕንጻዎቹ ይጋደማሉ። የተሻለው መለኪያ የሕንጻ ጠርዝና የክሬን እግር ነው። የጀልባ ምሰሶ አይታመንም፤ ይወዛወዛል።

በስፌቱ ጊዜ ደግሞ የትንበያውን ዓይነት፣ ማለትም ሰፊው እይታ በጠፍጣፋ ፎቶ ላይ የሚዘረጋበትን መንገድ፣ ሳይመርጡ ማለፍ አለ። ሲሊንደራዊው ትንበያ ቀጥ ያለውን የመርከብ መቆሚያ ግንብ እንደ ቀስት ያጎብጠዋል፤ ቀጥ ያሉ መስመሮችን የሚጠብቀው ትንበያ ደግሞ ጫፎቹን ይለጥጣል፤ የእይታው ስፋት ወደ 120 ዲግሪ ሲጠጋ መለጠጡ የማይታገሡት ይሆናል። በነፃ የሚገኘው ሁጂን የተባለው የስፌት ሶፍትዌር ሁለቱንም እያፈራረቁ ለማየት ያስችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሊታሰብበት ይገባል። የሚዞረውን ያህል ዞሮ ሁሉንም የሰበሰበ ሰው የሚያገኘው ክሬኖቹ መርፌ አክለው የሚታዩበት ቀጭን ሰቅ ነው። በአንዱ ዳር ረጅም ነገር፣ ለምሳሌ የቆመ መርከብ ፊት ወይም የመብራት ማማ፣ በሌላው ዳርም እንዲሁ ዓይንን የሚመልስ ነገር መርጦ በመካከል ያለውን ማንሳት ይበልጣል። ካሜራውን በቁመት ይያዙ፤ ከላይና ከታችም ትርፍ ቦታ ይተዉ፤ ስፌቱ ሲስተካከል ጠርዙ ተቆርጦ ይወጣልና የምሰሶ ጫፍ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የተሰፋውን ሥራ እስኪጨርሱ ድረስ ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፋይል ዓይነት ያስቀምጡት። የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ጄፔግ (JPEG) በየትኛውም ጎን ከ65,535 ፒክስል በላይ አይቀበልም፤ በረጅም ሌንስ የተነሳ ፓኖራማ ደግሞ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል።