ጎንደር ላይ ግቢያችሁ ውስጥ መዋኛ ልትሠሩ ነው? ከውሃው ጀምሩ

መዋኛ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ወንበር፣ ጃንጥላ። ከዚያ ቆፋሪ ይጠራል። ጎንደር ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ግን ገንዳው አልቆ ውሃ በቦቴ ስታስመጡ ትከርማላችሁ። የከተማችንን የውሃ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ወረፋ በሚጠብቅበት ሰፈር ከመስመር ስቦ ገንዳ መሙላት ለጉርብትናም አይመች። ስለዚህ ጥያቄው «የት ልቆፍር?» ሳይሆን «ውሃው ከየት ይመጣል?» ነው።

የፋሲል መዋኛን አስቡት። ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ነው፤ ቦታው ውሃው ሊደርስበት የሚችል ቦታ ነው። እኛ ወንዝ አንጠልፍም፣ ግን ቆርቆሮ አለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር የሆነ ገንዳ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ዘጠኝ ማለት ነው። 6 በ3 አድርጋችሁ ጥልቀቱን 1.2 ላይ ብታቆሙት ግን ወደ 22 ሺህ ሊትር ይወርዳል። ለቤተሰብ ይሄ ይበቃል፤ ልጆች ይዋኙበታል፣ ትልልቆቹም ይነከሩበታል። ከላይ ዘሎ መግባት ግን በዚህ ጥልቀት ክልክል ነው፣ አንገት ይሰብራል። አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። ጎንደር በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 120 ካሬ ቆርቆሮ ያለው ቤት አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ በዓመት ከ90 ሺህ ሊትር በላይ ያወርዳል። ትንሹን ገንዳ አራት ጊዜ ይሞላል! ስለዚህ ከገንዳው በፊት አሸንዳውንና የመሬት ውስጥ ታንከሩን አስቡ። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ወደ ውጭ ልቀቋቸው፣ የቆርቆሮውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ነው የሚወርዱት። ታንከሩም ገንዳውም ከሽንት ቤት ጉድጓድ በደንብ ይራቁ፣ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ከበላዩ እንጂ ከበታቹ አይሁኑ።

ብዙ ሰው ውሃው በየጊዜው ተደፍቶ የሚቀየር ይመስለዋል። አይደለም። ጥሩ ማጣሪያ ካለው አንድ ጊዜ የተሞላ ውሃ ለዓመታት ይቆያል፤ የምትጨምሩት የተነነውንና ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣውን ብቻ ነው። በበጋ ከላዩ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተናል ብላችሁ አስቡ፣ ለ18 ካሬ ገንዳ 90 ሊትር ማለት ነው። ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ሽፋን ብታለብሱት አብዛኛው ሳይተን ይቀራል። ሽፋኑ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፣ ከበጀቱ እንዳታወጡት።

አሁን ወደ መሬቱ። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ግቢያችሁም ሳይሆን አይቀርም። ገንዳውን ግቢው ሲደለደል አፈሩ በተቆረጠው በኩል፣ ጠንካራው የተፈጥሮ መሬት ላይ አሳርፉት። ሙሌት አፈር ላይ ካስቀመጣችሁት ሙሌቱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ገንዳውም በአንድ ጎን ይዘማል። ግማሹ በቆረጣ ግማሹ በሙሌት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል። ወደ አዘዞና ደምቢያ በኩል ሜዳው ላይ ከሆናችሁ ሌላ ነገር አለ፤ ዋልካ አፈር። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። እዚያ ቦታ ዋልካውን አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር መተካትና ደረጃ በደረጃ መጠቅጠቅ የግድ ነው፤ ስንት ሜትር ይውጣ የሚለውን የስትራክቸር መሐንዲስ ይወስን። የግንባታ ፈቃዱንም በዚያው ጨርሱ።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ከታች የሚመጣውን ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ይጠግባል፤ ገንዳው ባዶ ከሆነ ያ ውሃ ከሥር ይገፋዋል፣ ኮንክሪቱን ሊያነሳውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ከወለሉ ሥር ጠጠር አንጥፉ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቅበሩና ወደ ቁልቁለቱ አስወጡት። በክረምት ገንዳውን ባዶ አታድርጉት። ጥገና ካለ ለበጋ ይቆይ።

ግንባታው ላይ አጭር ልሁን፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ የመሐንዲሱ ነው። ብሎኬት ደርድሮ መለሰን ገንዳ አይሆንም። የአርማታ ግድግዳና ወለል፣ ሁለት ንጣፍ ፌሮ፣ ጥንካሬው ቢያንስ ሲ-25 የሚባለው ደረጃ የሆነ ኮንክሪት፣ በቫይብሬተር የተጠቀጠቀ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ የሚያግድ ላስቲክ ይግባ፣ ብዙው ፍሳሽ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቱቦዎቹና የመብራት ሳጥኖቹ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቦታቸው ላይ ይታሰሩ። በኋላ በመሮ መብሳት ቀዳዳ መግዛት ነው። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ ይሁን፤ የበጋ ፀሐያችን ኮንክሪትን ቶሎ አድርቆ ያሰነጥቃል።

ከፍታችን ከ2000 ሜትር በላይ መሆኑ ሦስት ነገር ያመጣል። አንደኛው ብርድ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውም አብሮ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከገንዳው በስተደቡብ ረጅም ግንብ ወይም ፎቅ እንዳይኖር አድርጉ፤ ጥላው የሚያስፈልገው ለመቀመጫው እንጂ ለውሃው አይደለም። ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ጣሪያ ላይ ጠቅልሎ የማጣሪያውን ውሃ በዚያ ማሳለፍ ያለ መብራት ወጪ ያሞቀዋል። ሁለተኛው ፀሐዩ ራሱ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ ክሎሪንን ቶሎ ያጠፋዋል። ክሎሪን ማታ ጨምሩ፣ ማረጋጊያ ያለውን ዓይነት ጠይቁ። መጠኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6፤ የመለኪያ ኪቱን ሳትይዙ በግምት አትጨምሩ። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ ጨምሩ እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ፣ ከአሲድ ጋርም በጭራሽ አታገናኙት። ሦስተኛው ፓምፑ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፕ ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከገንዳው አጠገብና ከውሃው ወለል ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ውሃው በሙሉ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ አንድ ዙር ቢጣራ ይበቃል፤ ለ22 ሺህ ሊትር በሰዓት 4 ሺህ ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በቂ ነው። ከዚያ የበለጠ ትልቅ መግዛት የመብራት ሂሳብ መጨመር ነው። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ቀናት ከቆመ ግን ዝም አትበሉ፤ የቆመ ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው።

ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ፣ ጎረቤትም ልጅ ካለው፣ ገንዳው ዙሪያውን ይታጠር። ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ፣ በብረቶቹ መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ክፍተት፣ በራሱ የሚዘጋ በር፣ መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት። ይህ የማላመቻምችበት ነገር ነው፤ ገንዘብ ካነሰ ሴራሚኩን ተዉና አጥሩን ሥሩ። ከሥር የሚመጥጠው ቀዳዳ አንድ ብቻ አይሁን፣ ሁለት ተራርቀው ይሁኑ፤ አንድ ከሆነ የልጅ ፀጉር ወይም እጅ ይዞ ያስቀራል። ኤሌክትሪኩ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያና ጥሩ የመሬት መስመር ይኑረው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው መብራት ባለ 12 ቮልት ይሁን።

ከገንዳው ውጭ ያለው ክፍል ላይ ግን ፎቶዎቹን እርሱና የራሳችንን ኑሮ አስቡ። እኛ ግቢ ውስጥ የምናደርገው ምንድን ነው? ቡና እናፈላለን፣ ማኅበር እንጠጣለን፣ ለክርስትናና ለሰርግ ዳስ እንጥላለን። ስለዚህ ግቢውን በሙሉ በገንዳና በአበባ አትጨርሱት። ለዳስ የሚሆን ሜዳ ቦታ ይትረፍ፤ ወለሉ ሲነጠፍ የዳሱ ምሰሶ የሚገባባቸውን የብረት ቱቦዎች ከነክዳናቸው ቅበሩ፣ ድግስ ሲመጣ ንጣፍ መስበር ይቀራል። የቡናው ቦታ ከገንዳው ራቅ ብሎ፣ ንፋሱ ወደ ውሃው በማይወስድበት በኩል ይሁን። ቄጤማው፣ አመዱ፣ የፈንዲሻው ፍርፋሪ ውሃ ውስጥ ከገባ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ሰው ሁሉ ከዚያ ሆኖ ልጆቹን ማየት መቻል አለበት፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ልጅ ብቻውን አይተውም።

ለንጣፍ የአካባቢያችን ጥርብ ድንጋይ የሚያህል የለም፣ ከከተማዋም ጋር ይሄዳል። ጥቁሩ ድንጋይ ግን በፀሐይ ይግላል፣ በባዶ እግር የሚኬድበትን የገንዳውን ጠርዝ ነጣ ባለና ሻካራ በሆነ ዓይነት አድርጉት። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። ንጣፉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከገንዳው ወደ ውጭ ያዘንብል።

ዛፍ ላይ ተጠንቀቁ። የፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ የተጠመጠሙት ሥሮች ሲታዩ ያምራሉ፣ የእናንተ ገንዳ ላይ ሲመጡ ግን ግድግዳ ይከፍታሉ። ዋርካና ሾላ አጠገቡ አትትከሉ፣ ባሕር ዛፍም ውሃ ይጠጣል፣ ቅጠል ያራግፋል። ኮባ ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ አይበተንም፣ ዳቦም ይደፋበታል። ጌሾ ለአጥር ያገለግላል። ጤና አዳምና በሶብላ ደግሞ ቡናው አጠገብ በማሰሮ።

በመጨረሻ፣ ሞዛይኩ ከመለጠፉ በፊት ገንዳውን ሞልታችሁ ለአንድ ሳምንት አቆዩት። አንድ ባልዲ ውሃ የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ አስቀምጡ፣ የባልዲውን ውሃ ከገንዳው ጋር እኩል አድርጋችሁ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ትነት ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ያፈሳል። ይህን ፈተና ውል ላይ አስገቡት፣ የኮንትራክተሩ የመጨረሻ ክፍያም ከዚያ በኋላ ይሁን።