በአንድ ጉልቻ፦ ከተፈናቀሉ ቤተሰቦች ጋር የጋራ ማብሰያ ቀን እንዴት ይዘጋጃል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለተፈናቀለ ወገን ምግብ ሠርቶ መውሰድ አዲስ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ደብረ ብርሃን ሲገቡ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ የወሎን ሰው ከቀዬው ሲያስወጣው ብዙ እናቶች እንጀራ ጠቅልለው ወጥተዋል። ያ ደግነት ይቀጥል። ይህ ጽሑፍ ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ አልፎ፣ ሰዎቹ በመጠለያ ወይም በጠባብ ኪራይ ቤት ወራትና ዓመታት ሲቆጥሩ፣ ነባሩ ነዋሪና ተፈናቃዩ እንዴት ጎረቤት ይሆናሉ? የእኔ መልስ አብሮ ማብሰል ነው። ቤቷን ጥላ የወጣች እናት እህሏን ብቻ ሳይሆን እንግዳ የመቀበል ክብሯንም አጥታለች። ተሠርቶ የመጣ ምግብ እህሉን ይተካላታል፤ ክብሯን የሚመልሰው ግን ማማሰያውን ራሷ ስትይዝ ነው።

መጀመሪያ ባዶ እጅዎን ይሂዱ

ድስትም ጆንያም ሳይዙ ይሂዱ። መጠለያ ከሆነ የተፈናቃዮቹን ተወካዮች ያነጋግሩ፤ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ከሆነ የአካባቢውን ሽማግሌ ወይም የእድር ዳኛ ይዘው ይግቡ። «ምን ጎደለዎት?» ብሎ መጀመር ሰውየውን ወዲያው ተቀባይ ያደርገዋል። ይልቁን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «እትዬ፣ ቀዬዎ ሳሉ ጎረቤት ሲሰበሰብ ምን ይሠሩ ነበር?» ከወለጋ የመጡት ስለ በቆሎና ስለ ዳጉሳ ያወሩዎታል። የብዙዎቹ የዘር ሐረግ ከወሎ ነው፤ በ1977 ዓ.ም ድርቅ ዘመን በሠፈራ የሄዱ ወይም ከእነሱ የተወለዱ ስለሆኑ የሁለት አገር ባልትና ይዘዋል። የሰሙት መልስ የምግቡን ዝርዝር ይወስናል።

ቁጥሩን አያብዙ። ከተፈናቃዮቹ አራት ቤተሰብ፣ ከነባሩ ነዋሪ አራት ቤተሰብ ይበቃል። ከልጆቹ ጋር ወደ 40 ሰው ይሆናል። ከዚያ ሲበዛ ሰልፍ ይመጣል፤ ሰልፍ ባለበት ደግሞ የሚታደል እንጂ የሚጋበዝ ሰው አይኖርም።

ሁሉም የሚበላውን ይምረጡ

ከተፈናቃዮቹ መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላምና ሥጋ ገበታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ሥጋና ቅቤ ይቅር፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ንፍሮና ቡና ይሁን። ይህ ረቡዕም ይሁን ዓርብ፣ ሁዳዴም ቢሆን ያስኬዳል። በረመዳን ከሆነ ገበታው ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ ይቅረብ። የእድር ድስት የሚዋሱ ከሆነ ሥጋ ያልተሠራበትን ለይተው ይጠይቁ፤ ለሙስሊም እናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፣ እሷም በይሉኝታ ላትናገረው ትችላለች።

ለ40 ሰው 2 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ተኩል ዘይት፣ 80 እንጀራ፣ ለንፍሮ 3 ኪሎ ስንዴና 1 ኪሎ ባቄላ ይያዙ። ሽሮውን ከሚያውቁት ቤት ይግዙ። በአገራችን ጓያ ብዙ ስለሚዘራ ሽሮ ውስጥ መቀላቀሉ የተለመደ ነው፤ ሌላ የሚበላ ያጣ ቤተሰብ ጓያን ለወራት ቢመገብ እግርን ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል። እንግዳ የጋበዘ ሰው ጓያ አያቀርብም።

መዋጮው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘይቱን፣ ቅመሙንና ማገዶውን ነባሮቹ ይሸፍኑ። ነገር ግን አንዲት ተፈናቃይ እናት ከእርዳታ ስንዴዋ አንድ ጣሳ ይዛ ብትመጣ «አይ፣ እርስዎ ይተዉት» እንዳይሏት። ይቀበሏት፣ ያመስግኗት፣ ስንዴውን ከሌላው ጋር ያቀላቅሉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል የእሷ ሎሚም መቆጠር አለበት።

ዋዜማው ላይ ይሰብሰቡ

ዋናው ቀን ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። የእርዳታ ስንዴ ጠጠርና እንክርዳድ አያጣም፤ ለንፍሮ ከመዘፍዘፉ በፊት ይለቀማል። ሦስት አራት ሴቶችን በአንድ ሰፌድ ዙሪያ ያስቀምጡ። ዓይን እህሉ ላይ ነው፣ እጅ ሥራ ይዟል፤ ፊት ለፊት ተያይቶ መነጋገር የሚከብደው ሰው እዚህ ይቀለዋል። አንዷ እንክርዳዱን በጣቷ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ እየገፋች «የእኛ ማሳ ዳጉሳ ነበር» ትላለች። የደብረ ብርሃኗ ገብስ እንጂ ዳጉሳ ዘርታ አታውቅምና «ምን ይሠራል እሱ?» ብላ ትጠይቃለች። «ጠላ ነዋ! እንጀራም ይሆናል፣ ከጤፍ ጋር ሲቀየጥ።» ከዚያ ወዲያ አወያይ አያስፈልግም። የተፈናቀሉበትን ታሪክ ማንም እንዳይጠይቅ አስቀድመው ለነባሮቹ ይንገሩ። ሰውየው ራሱ ካነሳው ግን ያዳምጡ፤ ወሬ አያስለውጡት፣ «ይበቃል፣ እርሱት» አይበሉት።

ስንዴውና ባቄላው በዚያው ምሽት ለየብቻ ይዘፍዘፉ። ይህ ደብረ ብርሃን ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ግዴታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሞቅምና ጥራጥሬ ለመብሰል ብዙ ይቆያል። 1,300 ሜትር አካባቢ ካለችው ሸዋ ሮቢት ወይም ከወለጋ ቆላ የመጣች ባለሙያ በለመደችው ሰዓት ብትጥደው ባቄላው ጥሬ ሆኖ ይቆያታል። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ የአገሩ ከፍታ እንደሆነ ቀድመው ያጫውቷት። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ። ሊጥም በዚህ ብርድ ቶሎ አይቦካምና እንጀራው ከየቤቱ የሚመጣ ከሆነ ከቀናት በፊት ይቦካ።

በማብሰያው ዕለት

እሳቱ ከሸራና ከላስቲክ መጠለያ ርቆ፣ ነፋስ በማይመታው ግድግዳ ጥግ ይሁን። ንፍሮው ጠዋት በማለዳ ይጣድ። ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥና ሽንኩርት መላጥ የወንዶችና የወጣቶች ድርሻ ነው፤ ቆመው የሚያዩ ወንዶች ከበዙ ገበታው የሴቶች ብቻ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ትኩስ ውሃ፣ ሳሙናና ማስታጠቢያ ከምግቡ በፊት ይዘጋጁ።

የወጡን ድስት ለተፈናቃይ እናት ይስጡ፤ ነባሯ ረዳት ትሁን። ቅመም ያበዛች ቢመስልዎት እንኳ ዝም ይበሉ። የበቆሎ ቂጣ የምትጋግር ካለች በቆሎውን ገዝተው ያቅርቡላትና ምጣዱን ይልቀቁላት፤ የደጋ ልጆች ይቅመሱት። የቀረችው እናት ደግሞ ቡናውን ትቁላ።

ሲቀርብ በየትሪው ላይ ሁለቱንም ወገን ይቀላቅሉ። «ለተፈናቃዮች» ተብሎ የሚቀመጥ ትሪ አይኑር። ነባሩ አስተናጋጅ ሆኖ ቆሞ አይቅር፤ ተቀምጦ አብሮ ይብላ። ፎቶ ይቅር። የሰው ልጅ ሲጎርስ የተነሳው ምስል የእርዳታ ማስረጃ ሆኖ መዞሩን እንግዳ የሆነ ሁሉ ይጠላል።

የተረፈው ለታመመና ለአራስ ቤት ይላክ፤ ይዘው የሚሄዱት ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ይሁኑ።

ከበረካው በፊት ቀጣዩን ቀን ይቁረጡ

ሰው ሳይበተን፣ ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ ተራው ይወሰን። ቀጣዩ አስተናጋጅ ተፈናቃዩ ወገን ይሁን፤ ቦታ ቢጠብ ነባሩ ግቢውን ያውሰው፣ ጠሪው ግን ተፈናቃዩ ነው። ይህ እርምጃ ከተዘለለ የቀረው ሁሉ ድግስ ሆኖ ያልቃል። በወር አንድ ጊዜ መገናኘት ይበቃል፤ የእርዳታ ማደያ ቀንና ሰዎቹ የቀን ሥራ የሚወጡበት ቀን እንዳይጋጭ ይጠይቁ።

ሦስት አራት ዙር ከሄደ በኋላ የእድሩን ጉዳይ ያንሱ። ተፈናቃዩ እድሩን ጥሎ ነው የመጣው። ሰው ቢሞትበት ድንኳን የሚተክልለት፣ እዝን የሚያመጣለት የለውም፤ ብዙዎች በዝምታ የሚፈሩት ይህንን ነው። የእድር ዳኛውን ሲያነጋግሩ አብረው ያበሰሉ ሁለት ነባር እናቶች ይዘው ይሂዱ። መግቢያው እንዲቀር ወይም በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፈል ይጠይቁ፤ ወርኃዊው መዋጮ ግን ከሌላው አባል እኩል ይሁን፣ አባሉም ስሙ በመዝገቡ ላይ እንደማንኛውም ሰው ይጻፍ።