ከወሎ ሆኖ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሥራ መሳተፍ፦ እንዴት ይጀመራል፣ እንዴትስ ይዘለቃል?

በወሎ ገጠር ደቦ የጠራ ሰው አብልቶና አጠጥቶ ይሸኛል፤ ወንፈል ግን የጉልበት ብድር በመሆኑ ዛሬ ያረሰልን ሰው ነገ በተራው ይጠብቀናል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን ማንም ሰው እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያከፋፍለው የተፈቀደ ሶፍትዌር፣ ከሁለቱም ይለያል፤ የረዱት ሰው ብድሩን ላይመልስ፣ ጭራሹንም ላያውቅዎ ይችላል። ላካኒና ቮልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ287 ፕሮጀክቶች የሚሳተፉ 684 ሰዎችን ጠይቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹን ከሁሉ ይበልጥ የሚገፋፋቸው ከሥራው የሚያገኙት የፈጠራ ደስታ መሆኑን ገልጸዋል። (40 በመቶ ያህሉ ለሥራው ይከፈላቸው ስለነበር፣ «ሁሉም በነጻ ነው የሚሠራው» የሚባለው ልክ አይደለም።)

መጀመሪያ በየቀኑ የሚጠቀሙበትን አንድ ሶፍትዌር ይምረጡ። ሰነድ የሚጻፍበት ሊብሬኦፊስ ወይም ድረ ገጽ የሚታይበት ፋየርፎክስ ሊሆን ይችላል። በዝና የተመረጠ ፕሮጀክት ቶሎ ይሰለቻል፤ እጅዎ ላይ ያለ መሣሪያ ግን ጉድለቱ በየዕለቱ ስለሚያስቸግርዎ ሥራውን አይረሱትም።

ቀጥሎ ኮድ ለመጻፍ ሳይቸኩሉ፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች የጠየቁትንና የተሰጣቸውን መልስ ለጥቂት ሳምንታት ያንብቡ፤ የሚያውቁትን ጥያቄ ሲያገኙም ይመልሱ። ይህ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ይኖራል። ላካኒ ፎን ሂፐል ከተባለ ተመራማሪ ጋር ስለ አፓቼ ዌብ ሰርቨር (ድረ ገጾችን ለተጠቃሚዎች የሚያቀርብ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር) ባደረገው ጥናት ግን፣ መልስ ሰጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፉት ለራሳቸው ትምህርት ሲሉ የሌሎችን ጥያቄና መልስ በማንበብ ነበር፤ መልሱን መጻፍ የሚወስድባቸው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስተምረው ሰው ዋነኛ ተማሪም ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የችግር ሪፖርት መጻፍ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ለዓለም የሚሰጠው ዕውቀት በግልጽ የሚታየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደሴ ውስጥ በአንድ ቢሮ የምትሠራ ጸሐፊ በረጅም ሰነድ ውስጥ «ሰራተኛ» የሚለውን ቃል ስትፈልግ፣ «ሠራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን ኮምፒውተሩ አላገኘላትም እንበል። «የአማርኛ ፍለጋ አይሠራም» ብላ ብትጽፍ ማንም ሊረዳት አይችልም። የሶፍትዌሩን ስሪት ጠቅሳ፣ ምን እንደጻፈች፣ ምን እንደጠበቀችና ምን እንዳገኘች በቅደም ተከተል ካስረዳች በኋላ፣ «ሠ» ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 1220፣ «ሰ» ደግሞ 1230 የሚል የተለያየ ቁጥር ቢኖራቸውም በዛሬው አማርኛ የሚነበቡት በአንድ ድምፅ መሆኑን ብትጨምር ግን፣ ፊደሉን አይቶ የማያውቅ የሩቅ አገር ፕሮግራመር እንኳ ከየት መጀመር እንዳለበት ይገባዋል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው።

ኮድ ወደ ማረም ሲሸጋገሩ የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ ያን ያህል አያስፈራዎ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለ መሣሪያ የፕሮጀክቱን ታሪክ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ኮምቦልቻ ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ ለውጥዎን እየመዘገቡ ቆይተው ሲመለስ መላክ ይችላሉ። ዳታ ለመቆጠብ ከፈለጉ ሙሉውን ታሪክ ትተው የመጨረሻውን ስሪት ብቻ ያውርዱ። በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ያርሙ፤ የተደበላለቀ ለውጥ፣ የላኩትን መርምሮ የሚቀበለውን የፕሮጀክቱን ገምጋሚ ያደክማል።

ከላኩ በኋላ ዝምታ ሊያጋጥምዎ ይችላል። የእኔ የመጀመሪያ እርማት ሳምንታት ሙሉ መልስ አጥቶ ስለነበር የናቁኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ገምጋሚው ከመደበኛ ሥራው በተረፈች ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቀው በትሕትና አንድ ጊዜ ያስታውሱ። እርማት ሲመጣም ስለ ኮዱ እንጂ ስለ እርስዎ እንዳልሆነ አድርገው ይውሰዱት።

ጓደኞችን ለማሰባሰብ ያሰበ ሰው ከሽልማት ይጠንቀቅ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃክቶበርፌስት በተባለው፣ ሰዎች በክፍት ምንጭ ሥራ እንዲሳተፉ በሚያበረታታው ዓመታዊ ዝግጅት አራት ማሻሻያ ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ስለነበር፣ አንድ ቃል ብቻ እየቀየሩ የሚልኩ ሰዎች ፕሮጀክቶቹን አጥለቅልቀው አስተባባሪዎቹ ደንቡን በመሐል ለመለወጥ ተገደዋል። ከዚያ ይልቅ አራት አምስት ሆኖ በየሳምንቱ መገናኘት ይበጃል። ቅሬ (የወሎ ዕድር) ላይ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ እዚህም የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በስሙ ተመዝግቦ ይታይ፤ የተማረውንም በአማርኛ ጽፎ ለቡድኑ ያስቀምጥ። ልምድ ያካበተው ሰው ደግሞ በአሥር ደቂቃ የሚታረም ቀላል ስህተት ሲያገኝ ራሱ አያርመው፤ «ለጀማሪ» የሚል ምልክት አድርጎበት፣ የትኛው ፋይል እንደሚከፈት ጽፎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚመጣው አዲስ ሰው ይተውለት።