የጣፋጭ አምሮት ሲያስቸግር መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ

ጣፋጭ የሚያምረው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን ይወቅሳል። «ሆዳም ሆኛለሁ» ይላል። እኔም እል ነበር። አንድ ጊዜ ግን አምሮቱ የሚመጣበትን ሰዓት ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ ሳምንት ከረምኩ። ለካስ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ቀጠሮ አለው። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ። የጠዋቱ ምክንያት ከማታው ይለያል፤ መድኃኒቱም እንደዚያው።

«ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ብስኩት ብስኩት ይለኛል»

ቁርስ ምን በላችሁ? መልሱ «ዳቦ በሻይ» ከሆነ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ። ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ቶሎ ይፈጫሉ፣ ቶሎ ያልቃሉ። ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሆድ መጮህ ይጀምራል።

ቁርሱን ቀይሩት። ፉል፣ እንቁላል፣ ቂንጬ፣ ከትናንት ያደረ ሽሮ በእንጀራ። እነዚህ ሆድ ውስጥ ይቆያሉ። ዳቦ ካልሆነ የማይሆንላችሁ የለውዝ ቅቤ ቀቡበት። ማርማላታ ከቀባችሁበት ግን ያው በገሌ ነው፤ ስኳር በዳቦ በላችሁ ማለት ነው።

«ሻይ ያለ ስኳር አይወርድልኝም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙዎቻችን ጉድ ያለው እዚህ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ብርጭቆዎቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ስኳሩ አስቀድሞ ከታች ገብቷል። አንድ ቀን ሻዩ ሳይቀዳ ብርጭቆውን ተቀበልኩና ስኳሩን በማንኪያ እየዛቅኩ ቆጠርኩት። አስተናጋጇ እንደ እብድ አየችኝ። ሦስት ማንኪያ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ እጠጣለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል። አስሉት፤ 48 ግራም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከምግብና ከመጠጥ ጋር ከሚጨመር ስኳር የምናገኘው ጉልበት ከቀኑ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይሻላል ይላል። እኔ እንግዲህ ኬክ ሳልነካ፣ ለስላሳ ሳልከፍት በሻይ ብቻ ኮታዬን ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ምክንያቱ ልማድ ነው። ብዙ ጣፋጭ የለመደ ምላስ ሌላው ሁሉ አልጫ ይሆንበታል። በአንዴ ማቆም ግን አልመክርም። ሞክሬው በሦስተኛው ቀን ኬክ ቤት ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ይልቅ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ሁለት ሳምንት በዚያው ቆዩ። ከዚያ ደግሞ ግማሽ። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ጠንከር ይበል፤ የጎደለውን ጣዕም ይሸፍናሉ። ሻይ ቤት ስትገቡ ደግሞ «ስኳሩ ለብቻ» ማለት ልመዱ። እኔ አሁን አንድ ማንኪያ ላይ ደርሻለሁ። የድሮውን ሻይ ስቀምሰው የሳል ሽሮፕ ይመስለኛል።

ስኳር በሻይና በቡና ከጥንት የወረስነው እንዳይመስላችሁ። በአገራችን የመጀመሪያው የሆነው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ቡናን በጨው የሚጠጡ አካባቢዎች ዛሬም አሉ።

«በማር ተክቼዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ማር ይጥማል፣ እኔም እወደዋለሁ። በዚያው መመሪያ ግን ማርም፣ የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂም ከስኳሩ ጋር ነው የሚቆጠሩት። ያልተጨመቀ ፍራፍሬ አይቆጠርም።

«10 ሰዓት ሲሆን ለስላሳ ካልጠጣሁ አልሠራም»

አንዳንዱ የጠማው ነው። አንዳንዱ ምሳውን ቀለል አድርጎ አልፎታል። ባለ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት ማንኪያ አልፏል። መጀመሪያ ውሃ ጠጡ። የጋዙ ነገር ከሆነ የሚያምራችሁ አምቦ ውሃ በሎሚ ያንኑ ያደርግላችኋል። መሳቢያችሁ ውስጥ ቆሎና ለውዝ ይኑር፤ ሙዝም ይሆናል። ጁስ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ሳይፈጭ በፊት «ስኳርም ሽሮፕም እንዳይገባ» በሉ። ከተፈጨ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም።

«በጾም ጊዜ ይብስብኛል»

እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የዋለ ሰው የሚሰማው አምሮት አይባልም፤ ረሃብ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከጾም ሲወጡ በፓስቲና በጾም ኬክ መጀመር ላይ ነው። የጾም ኬክ ከቅቤና ከእንቁላል ይጾማል እንጂ ከስኳር አይጾምም። መጀመሪያ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ብሉ። ኬኩ አይሄድም፤ ከምግብ በኋላ ግማሹ ይበቃችኋል። ረመዳን ላይም እንዲሁ ነው። ቴምሩና ውሃው ጥሩ ጅምር ነው፤ ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው የስኳር ጭማቂ በጆግ ነው።

«ማታ ቲቪ ፊት ስቀመጥ እጄ አያርፍም»

ራት በልታችሁ ከሆነ ረሃብ አይደለም። ወይ ድካም ነው፣ ወይ መሰልቸት፣ ወይ የቀኑ ብስጭት። እንቅልፍ ሲጎድል ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ትናንት ያመሸ ሰው ዛሬ ጣፋጭ ቢያምረው አይገርምም። 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማኪያቶ ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ያህል ገና ከእናንተ ጋር ነው። ማኪያቶውን ወደ ጠዋት አምጡት።

ቸኮላቱን ቤት ውስጥ አታከማቹ። ሱቅ ድረስ መሄድ ሲመጣ አምሮቱ ብዙ ጊዜ ይሰንፋል። ጥርስ መቦረሽም ይሠራል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ እንጂ እኔ ላይ ሠርቷል።

አምሮት ያልሆነ ነገር

በእኛ ቋንቋ «ስኳር» ምግቡም በሽታውም ነው፤ መደባለቁ እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ውሃ ጥም ካልቆረጠላችሁ፣ ሽንት ከበዛ፣ ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ ተመርመሩ። ይህን ማንኪያ በመቀነስ አታስተካክሉትም።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ኢንሱሊን ወይም ክኒን ወስዶ ድንገት ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስኳር አትከልክሉት። ሦስት አራት ማንኪያ በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።